ደብዳቤ ለልጄ፦ እንግዳ የሚመጣው በኋላ ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ ሚጣዬ? እኔ ደህና ነኝ። የድሬ ሙቀት ግን አይጣል ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ፀሐይዋ ዞር ስትልልኝ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነው።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ የእናንተ ሮታሪ እኮ ፈረንጅ ለፎቶ የሚያመጣ ክለብ ነው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። በየአገሩ ክለብ ያለውን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር እንዲህ ስትይው ተናድጄ ዝም አልኩሽ። ሳስበው ግን አልፈርድብሽም። ነርስ እያለሁ የሆነውን ስትሰሚ ነው ያደግሽው። ከውጭ በእርዳታ የመጣልንን ማሽን እልል ብለን ተቀብለን ስንሰካው ጭስ ብቻ! ለካ የተሠራው ለ110 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220። ቀድሞ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የካርድ ማስቀመጫ ሆኖ አገለገለን።

ክለቡ ውስጥ ስገባ የገረመኝ ታዲያ ሥራው የሚጀመረው ከእኛ መሆኑ ነው። ለክለቦቹ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው የሮታሪ ፋውንዴሽን ነው፤ ከድጋፎቹ አንዱ «ግሎባል ግራንት» ይባላል። ሁለት ክለቦች አብረው ያመለክታሉ፤ አንዱ ሥራው ካለበት አገር፣ ሌላው ከሌላ አገር። በጀቱ ከ30 ሺህ ዶላር ማነስ የለበትም። የሰፈሩን ሰው ሳትጠይቂ ማመልከቻ ማስገባት የለም። ስለዚህ በፀሐይ ቤት ለቤት እየዞርን እንጠይቃለን። አንዷ እናት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ቦኖስ አለን፤ የሚጠፋው ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ነው።» ይሄን ባሕር ማዶ ሆኖ ማን ያውቃል?

ገንዘቡም ሁለት አባላት ካልፈረሙ ከባንክ አይወጣም። የሪፖርቱ ነገር ግን ያሰለቻል አቦ፣ አልዋሽሽም። ደግሞ የሮታሪ ደንብ እ.ኤ.አ. እስከ 1989 ሴት አባል እንድትሆን አይፈቅድም ነበር። አሁን በስብሰባ ላይ አፌን ዘግቼ የምቀመጥ መስሎሽ?

ወደ እንግዶቹ ልምጣልሽ። ለፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ከውጭ የሚመጡት የሮታሪ አባላት ትኬታቸውን የሚቆርጡት ከገዛ ኪሳቸው ነው። አንዷን መጋላ ሰፈር ይዣት ዞርኩ። የመጀመሪያው ግቢ እንደገባን ጠብታውን ለመስጠት ቸኮለች። ብልቃጡን ከእጇ ተቀበልኳት። ላዩ ላይ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ ትንሽ ካሬ። ካሬው ከክቡ ነጣ ካለ ክትባቱ ደህና ነው። ሙቀት ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ይጣላል። በእኛ ፀሐይ ይሄን ሳያዩ መስጠት አይሆንም። አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ብልቃጥ ዓይኗ ሥር ሳታስጠጋ አልከፈተችም። ሁለት ጠብታ፣ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ ቀለም፣ ቀጣዩ ቤት። ሶማልኛ የምትናገረው ጎረቤታችን አብራን ባትሆን ኖሮ ግማሹ በር አይከፈትልንም ነበር። አንዱ ቤትማ ሆጃ ካልጠጣችሁ ብለው አስቀመጡን፤ እንግዳዋ ሁለት ስኒ ጠጣች።

ፎቶ? አዎ፣ ተነሳች። እኔም ተነስቻለሁ፤ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ሻሼ ጠሟል ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

ለእረፍት ስትመጪ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ። የሰፈሩ መጠይቅ ተሞልቶ በፌስታል ተቀምጧል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባልን ሰው አጥተናል። ቻርጀሩን ደግሞ እንደ አምናው እንዳትረሺው።

እናትሽ፣ ከድሬዳዋ