እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ፈቃደኞች

ውድ አባላት፣

በዚህ ሳምንት ደብተሩን ገለል አድርጉትና አውሩ። የማስተምራቸው እናት ለወራት ሰዋስው አጥንተው አፋቸው አልፈታም ነበር። ስለ ዶሮ ወጥ ስጠይቃቸው ግን 20 ደቂቃ ሙሉ አወሩ። «አይ ኦኒየን ከት» አሉኝ። ግሱን መጨረሻ ላይ ማምጣት የአማርኛችን ልማድ ነው። «ኦ፣ ዩ ከት ዘ ኦኒየን!» ብዬ መለስኩላቸው። ወዲያው አስተካክለው ደገሙት። እርማታችሁ እንዲህ ይሁን፤ ወሬውን አትቁረጡባቸው፣ እባካችሁ።

ለአሜሪካ ዜግነት ለሚዘጋጁትም ይህ ይጠቅማል። በዜግነት ፈተናው በንባብም በጽሕፈትም ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል መወጣት በቂ ነው። ንግግራቸው የሚመዘነው ግን የኢሚግሬሽን መኮንኑ ስለ ማመልከቻቸው ሲጠይቃቸው ነው። ስለዚህ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አድራሻቸው አዋሯቸው። የስደት ታሪካቸውን ግን እነሱ ካላነሡት አትንኩት።