ጊዜው ሳያልፍ ለምን ታሸግን?

ይድረስ ለተከበሩ የንግድ ፈቃድ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ በማመልከቻ ሞክሬ ነበር። ቢሮዎም መጥቼ ደጅ ጠንቻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከመባል በቀር መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ሕዝብ እያየው እጽፍልዎታለሁ።

ቀፊራ አካባቢ ትንሽ የእንጀራ መጋገሪያ አለኝ። ሦስት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ፤ ሦስቱም ልጅ አሳዳጊ ናቸው። በኅዳር ወር ተቆጣጣሪዎቻችሁ መጥተው «ፈቃድሽ አልታደሰም» ብለው በሩን አሸጉት። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በየዓመቱ በማስታወቂያ የምትነግሩን እናንተው ናችሁ። ታዲያ በኅዳር ምን አጠፋሁ?

ውስጥ ለነገ የተቦካ ሊጥ ነበር። አንዷ ሠራተኛዬ «አቦ፣ ሊጡን እንኳን እናውጣ!» ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም። የድሬን ሙቀት ያውቁታል። በማግስቱ ሊጡ ከበርሜሉ ገንፍሎ በበሩ ሥር ወደ መንገዱ ወጣ። ጤፍ ዛሬ በስንት እንደሚገዛ ለሚያውቅ ሰው ያንን ማየት ያማል። እንጀራ የማቀርብላቸው ምግብ ቤቶችም ሌላ ሰው ፈለጉ። አልፈርድባቸውም፤ የራበው ደንበኛ አይጠብቅም።

የሚያንገበግበኝ ግን ኪሳራው ብቻ አይደለም። እኛን ትንንሾቹን ነጋዴዎች የምታዩበት ዓይን ነው። በ2014 ነፃ የንግድ ቀጣናው ሲመረቅ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ከተማችን ያስፈልጋታል። ነገር ግን ዲፕሎማ የሌላት፣ ዋስ የሚሆናት ያጣች እናት ነገ ጠዋት ሥራ የምታገኘው እንደ እኔ ባለ ትንሽ ቤት ነው። እኔ ጋ የገባ ብር እዚሁ ይዞራል፦ ለጤፍ ነጋዴው፣ ለወፍጮ ቤቱ፣ እንጀራውን ለሚያደርሰው ባለ ባጃጅ፣ ለመንግሥት ግብር። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ ከተማዋን ያቆማት ሐዲዱ ብቻ አልነበረም። ለባቡር ሠራተኛው ያበሰለ፣ የሰፋ፣ የቸረቸረ ሁሉ ነው። የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላም ድሬ ባዶዋን ያልቀረችው በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። የአገር ኢኮኖሚ የሚባለው እኮ ይሄም ጭምር ነው።

አሁን እሽጉ ይነሣልኝ። በየትኛው አንቀጽ እንደታሸግኩ በጽሑፍ ይነገረኝ። ከእንግዲህም የሚበላሽ ነገር ያለበት ቤት ሲታሸግ ባለቤቱ ቀድሞ ንብረቱን ያውጣ።

ፈቃዴን ለማደስ ዛሬም ዝግጁ ነኝ። የሚያስፈልጉኝ ወረቀቶች ግን ያሉት ያሸጋችሁት ቤት ውስጥ ነው።