የእጅ ሥራ ክበብ፦ ዓመቱ በሰፌድ ላይ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው አንድ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ከጥቅምት እስከ ሰኔ አንዲት ትንሽ ሰፌድ ሰፍቷል። ሰፌዷ የዓመቱ መዝገብ ናት። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሚከታተለውን አንድ ነገር ይመርጣል፦ የሒሳብ ልምምድ፣ የእጅ ጽሑፍ ወይም የጓሮ አትክልት መደብ። በየሳምንቱ መጨረሻ የሳምንቱን ሥራ በቀለም ይሰፋል። ያቀደውን ከጨረሰ በቀይ አለላ (ቀለም በተነከረ ሣር)፣ ጀምሮ ካላለቀለት በአረንጓዴ፣ ጭራሽ ካልሠራ ቀለም ባልተነከረ ነጭ ሣር።

መጀመሪያ ያሰብነው ለአንድ ሳምንት አንድ ዙር ነበር፤ አላስኬደንም። ስፌት ከመሃል ወደ ዳር ሲሄድ ዙሩ ይረዝማል። እየዞረ የሚሰፋው የሣር ጥቅል ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5ኛው ዙር 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 30ኛው ግን 94 ገደማ ነው። እንዲህ ሲሆን የጥቅምት ትጋት መሃል ላይ ተሸሽጎ የሰኔው ብቻ ዓይን ይሞላል። ስለዚህ ዙር መቁጠሩን ትተን በርዝመት ለካን፤ ለአንድ ሳምንት 20 ሳንቲ ሜትር። ስንዝር ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ ለሁሉም እኩል የመለኪያ ክር ተቆርጦ ታደለ። ፈተናና ዕረፍት ሲቀነስ የቀረው 32 ሳምንት 6 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ ሲጠመጠም ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ሰፌድ ይወጣዋል።

ብዙ ስፌት የተበላሸው በእርጥበት ነው። ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራል። ውኃ ውስጥ ያደረ ደግሞ ሲሰፋ ይመቻል እንጂ ሲደርቅ ይሟሽሽና ስፌቱ ይላላል። የሚሻለው ውኃ ውስጥ ነክሮ አውጥቶ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ነው። አለላውን ቀለም ካልተነከረው ጋር አንድ ላይ መዘፍዘፍ አይገባም፤ ቀዩ ነጩን ያበላሸዋል። የሚታጠብበት ውኃ እስኪጠራ ድረስ ለብቻው ይለቅለቃል። ውስጥ የሚገባው ሣር ሲሳሳ አንድ ወይም ሁለት ዘለላ ብቻ ይጨመራል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ከገባ እዚያው ያብጣል። የሰፌዱ ዳር ወደ ላይ ከተቆለመመ ጥቅሉ ከልክ በላይ ተስቧል ማለት ነው፤ ከተጨማደደ ደግሞ ላልቷል። ወስፌው ያለፈውን ዙር ጫፉን ብቻ ከወጋ ሣሩ ይተረተራል፤ ጠለቅ ብሎ መግባት አለበት። ይህን ሁሉ እጃቸውን ይዘው ያሳዩን የተማሪዎቻችን እናቶች ናቸው፤ እናመሰግናለን።

አንድ ሕግ ጸንቶ ቆይቷል፦ የአሰፋፍ ስህተት በዕለቱ ይፈታል፤ ያልተሠራበት ሳምንት ግን አይፈታም። ነጩን በቀይ ለመተካት የጠየቁ ነበሩ፤ አልተፈቀደም።

በየሩብ ዓመቱ ሰፌዱ ከደብተሩ ጎን ይቀመጥና ቀለም በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ተማሪው ምክንያቱን ይጽፋል። አንዷ ሰፌድ ላይ ጥር ውስጥ ሦስት ነጭ ተከታትለው ይታያሉ። የሒሳብ ደብተሩ ሲገለጥ ክፍልፋይ የተጀመረበት ገጽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ። ተከትለው የመጡት አምስት አረንጓዴዎች ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር እየተቀመጠች ያጠናችባቸው ሳምንታት ናቸው፤ ቀዩ የተመለሰው መጋቢት ላይ ነው። ሰፌዱ መቼ እንደሆነ ያሳያል፤ ለምን እንደሆነ የሚናገረው ደብተሩ ነው። አንዱን ያለ ሌላው መያዝ አልጠቀመም።

የምንሰፋበት ሣር፣ ስንደዶ፣ የሚነቀለው መስከረም ላይ ስለሆነ የመጪው ዓመት አባላት ሣራቸውን በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ነቅለው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው ይምጡ።