ከሰሉን ሳታወጪ እንዳትተኚ

ልጄ፣ የኔ እመቤት፣

ትናንት ማታ ጎረቤታችን ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራችኝ፣ ቀጥላ ስለ በጎቹ፣ ዋናውን ነገር የነገረችኝ ልንሰነባበት ስንል ነው። ሰኞ ጠዋት ራስሽን ይዘሽ ደጅ ላይ ስታስመልሺ አይታሻለች። እማማም ያን ቀን እስከ ረፋድ አልተነሳችም አለችኝ። እማማ! ዶሮ ሳይጮኽ የምትነሳዋ እማማ! ምን ሆነው ነው ብላት፣ «ልጅቷ ከገበያ ከሰል ገዝታ ማታ ማታ ጓዳ ታስገባለች፣ በሩን ዘግተው ነው የሚያድሩት» አለች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደጋግሜ ብደውልልሽ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ገበያ ስትወጪ ወይ ኮረብታው ላይ ስትሆኚ ይገባልሻል። ሌላውን ኋላ ታነቢዋለሽ፣ ይቺን አስቀድሚ፦ ከሰሉን ከቤት ሳታወጪ እንዳትተኚ።

ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው ትዪኝ ይሆናል። ክፋቱ እኮ እሱ ነው። ሰው የሚገድለው ጭሱ ያለቀ፣ ፍም የሆነው ከሰል ነው። ኬሚስትሪውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ጠንክሮ ይጣበቃል። ይህንን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ ጮክ ብለሽ ስታጠኚ ሳሎን ቁጭ ብዬ ሰምቼሻለሁ። ለፈተና የታወሰ ነገር ለራስሽና ለአያትሽ ነፍስ እንዴት ይረሳል? ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅሽም።

ግን ደግሞ ገብቶኛል። ሐምሌ መንዝ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ይወርድና ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ይተኛል፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም፣ የኩበቱ ጭስ ያስለቅሳል። አንቺ ደግሞ አዲስ አበባ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ከሰሉን የገዛሽው ለራስሽ ብቻ ብለሽ እንዳልሆነም አላጣሁትም። እማማ በረዳት ብለሽ ነው። ሆድሽን አውቀዋለሁ።

እማማ ግን ብርዱን የምትችልበት የራሷ መላ አላት። ከሷ ጋር እስካለሽ ድረስ ልብ ብለሽ እዪያት። ማለዳ ተነስታ ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ አመዱን ገለጥ ስታደርገው ማታ ያዳፈነችው ፍም እዚያው ይጠብቃታል። ክብሪት አትገዛም ማለት ይቻላል። ሁለት ኩበት ጣል ታደርግበታለች። ያን ኩበት ደግሞ በጋውን ሙሉ ስትጠፈጥፍ ነው የከረመችው፣ ምክንያቱም ክረምት ከገባ እበት አይደርቅም፣ የሰኔ እበት ለጓሮ ጎመንና ለድንቹ ነው የሚሄደው። ገብሱን ትቆላለች። አንድ እፍኝ ለራሷ፣ አንድ እፍኝ ለበረኛው ውሻ። ቡናዋን ከጠጣች በኋላ ጋቢዋን ደርባ፣ ያቺን የገዛሽላትን ቦቲ አጥልቃ ወደ በጎቹ። (ቦቲውን ስለገዛሽላት ተባረኪ። ስልክ ባነሳች ቁጥር ትነግረኛለች።)

በጎቹን ረግረጉ ላይ እንዳታሰማሪ። የጉበት ትል የሚይዛቸው ከዚያ ነው። እሷ ወደ ዳገቱ ነው የምትነዳቸው፣ አንቺ ግን ቅርብ ነው ብለሽ ታች እንዳትወስጃቸው።

መሬቱ ሁለት ጥማድ ነው፣ ለእኩል የተሰጠ ነው፣ ታውቂዋለሽ። አራሹ ዘርቶ ይሄዳል፣ ሌሊት ዝናብ ሲወርድ የሚነሳ ግን እሱ አይደለም። ባለፈው ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዶማዋን ይዛ ወጣች። ተከትያት ብወጣ ከቤቱ በላይ ያለው ፈሰስ በገለባ ተዘግቶ ውሃው ወደ ገብሱ ሊገባ ነው። ጎንበስ ብላ በእጇ ጠረገችው፣ ከዚያ በዶማው ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጋ ለውሃው መንገድ ሰጠችው። «ተኛ፣ አንተ ይበርድሃል» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝን ሰውዬ! ከዚያ ስንመለስ አንዷ በግ ወልዳ አገኘን። ግልገሉ ርሶ ይንቀጠቀጣል። በደረቅ ጭድ አሸችው፣ አሸችው፣ አፍንጫውን በጣቷ ጠረገችለት፣ ከዚያ ባናዋን ገልጣ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። እስኪነጋ እንደታቀፈችው ነበር። ያንን ባና ራሷ ናት ፀጉሩን ነድፋ የፈተለችው። ብርድ ከተሰማሽ ከሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛው አለ፣ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ሁለት ከሰል ያህል ያሞቃል። እሱን ልበሺ። ከሰሉን አውጪው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእናትሽ እንኳን በቅጡ አልነገርኳትም።

ያ ቤት ድሮ የጓሳ ሣር ክዳን ነበር። ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ መስክ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት አባቴ ድርሻውን አጭዶ፣ በአህያ ጭኖ ይመጣና ወንዶቹ ተሰብስበው ይከድኑት ነበር። 400 ዓመት ያህል አገሩ እንዲህ ራሱ እየዘጋ እየከፈተ ነው የጠበቀው። ያ ክዳን ጭሱን ያስወጣል፣ ዝናቡን አያስገባም፣ ዝናብ ሲመታው ድምፅ የለውም። በ2006 እኔ ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለና እናቴን ላሳርፍ ብዬ ከደብረ ብርሃን 45 ቆርቆሮ በአይሱዙ አስጭኜ መጣሁ። ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንኩ። በጣሪያውና በግድግዳው መሃል የነበረውን ክፍተት በሙሉ አስደፈንኩ። ብርድ እንዳይገባባት ብዬ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። እሷም መረቀችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ከጎረቤት የሰማሁት። በዚያው በመጀመሪያው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጅብ የበረቱን በር ሰብሮ ሦስት በግ ወስዷል። አልሰማችም። ድሮ ቢሆን በግ ሲያስነጥስ ትሰማ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ደስ ብሎህ ነበር የሠራኸው» አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አውርተን አናውቅም። ኮርኒስ አስመታልሻለሁ፣ ድምፁን ይቀንሰዋል አልኳት፣ ይኸው ስንት ዓመት፣ አላስመታሁም። አንዴ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዴ የቤት ኪራይ። ማታ ማታ ለምን ማድ ቤቱ ውስጥ እንደምታመሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ያ ብቻ ነው በጓሳ የቀረው። እዚያ ሆና በጎቿን ትሰማለች።

ስለዚህ ከሰሉ ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። ያን ቤት አየር እንዳያስገባ አድርጌ የደፈንኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት በዚያው ጓዳ እሳት አድሮ ማንም ራሱን አሞት አያውቅም፣ ክዳኑ ይተነፍስ ነበር። አሁን አይተነፍስም። ሰኞ ጠዋት እናቴንና ልጄን ባንድ ቀን ላጣ ነበር፣ በገዛ ሲሚንቶዬ። ይህን እያሰብኩ ነው የነጋብኝ።

የኔ ቆንጆ፣ እንግዲህ የምልሽን ስሚ። ከሰሉን መጣል የለብሽም፣ ቡና አፍዪበት፣ ደጅ ወይ ማድ ቤት። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጪው። «ትንሽ ናት፣ ልትጠፋ ነው» ብለሽ እንዳትተዪያት፣ ትንሿም አውጪያት። ራስ ምታት ከጀመረሽ፣ ወይ እማማ ዞረብኝ ካለች፣ ኪኒን ውጣችሁ እንዳትተኙ። በሩን ክፈቺና ሁለታችሁም ውጡ፣ ዝናብም ቢሆን ውጡ፣ ከዚያ ጎረቤቱን ጥሪና ጤና ጣቢያ ሂዱ። እማማ ምንም አልሆንኩም ትልሻለች። አትስሚያት። እሷ እግሯ ቢሰበርም ምንም አልሆንኩም ነው የምትለው።

ፍልሰታ ሊገባ ቀናት ናቸው የቀሩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ በየቀኑ ቅዳሴ ትሄዳለች፣ አትሂጂ ብትያት አትሰማሽም። አብረሻት ሂጂ እንጂ አትከልክያት። ጃንጥላውን አንቺ ያዢ። ሽሮና ዘይት በሚመጣው አውቶቡስ እልካለሁ፣ ከሹፌሩ መቀበል እንዳትረሺ። ለአንቺም ወፍራም ካልሲ አለበት። ኮርኒሱን ደግሞ ለመስቀል ስመጣ በራሴ እጅ እመታዋለሁ፣ ገንዘቡን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።

አንድ ሥራ ግን እስከዚያ አይቆይም። የጓዳው ትንሿ መስኮት አትከፈትም አይደል? ብርድ ይገባባታል ብዬ በሚስማር የመታኋት እኔ ነኝ። ከአልጋው ሥር፣ በአባቴ ሳጥን ውስጥ ባለ ጥፍር መዶሻ አለ። ይህን እንዳነበብሽ፣ ሳይመሽ፣ ሚስማሮቹን ንቀዪያቸው። አራት ናቸው። ሦስቱ ይታዩሻል፣ አራተኛው በስተቀኝ ከታች ነው፣ ቀለም ተቀብቶበታል፣ በእጅሽ ዳብሺው።

አባትሽ