የኪል ቦይን ስፋት የወሰነው የጦር መርከብ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ዓለማችን የመርከብ ቦዮች ባወጣችሁት ጽሑፍ ባልቲክንና ሰሜን ባሕርን የሚያገናኘው የጀርመኑ የኪል ቦይ ለንግድ ተብሎ እንደተቆፈረ ተገልጿል። ነጋዴው መጠቀሙ አይካድም፤ ዴንማርክን መዞር ቀርቶለት 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይተርፈዋል። ሥራውን ያስጀመረው ግን የባሕር ኃይሉ ሥጋት ነው። የጀርመን መርከቦች በባልቲክና በሰሜን ባሕር ተከፍለው ስለሚኖሩ፣ ጦርነት ቢነሳ የሚገናኙት በዴንማርክ ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ነበር። የጦሩ ኤታማዦር ሹም ፊልድ ማርሻል ሞልትከ እንኳ ገንዘቡ ለተጨማሪ መርከቦች ይዋል ብለው ተቃውመው ነበር። የመንግሥቱ መሪ ቻንስለር ቢስማርክ ግን ገፉበት፤ ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1887 ተጀምሮ በ1895 ተመረቀ።

ጽሑፋችሁ ያለፈው ትልቁ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1906 እንግሊዝ ድሬድኖት የተባለውን ግዙፍ የጦር መርከብ ሠራች። ጀርመን በምላሹ የሠራችው ናሳው 26.9 ሜትር ይሰፋል፤ በቦዩ ጫፎች ያሉት ባለ በር የውኃ ክፍሎች ደግሞ 25 ሜትር ብቻ ነበሩ። 156 ሚሊዮን ማርክ የፈጀው ቦይ በ11 ዓመቱ ለአዲሶቹ መርከቦች አልበቃ አለ።

ችግሩ በሩ ላይ አያበቃም። የቦዩ ወለል ስፋት 22 ሜትር፣ ጥልቀቱ 9 ሜትር ነበር። ከመርከቡ ሆድ በታች በቂ ውኃ ከሌለ፣ መርከቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሥሩ የሚያልፈው ውኃ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መርከቡም ይበልጥ ይሰምጣል። ወደ ዳር ከተጠጋ ደግሞ ኋላው ወደ ዳርቻው ይሳባል፤ መሪው አይታዘዝም።

ወለሉን መርከብ እያለፈም ቢሆን ቀስ በቀስ መቆፈር ይቻላል። የውኃ ክፍል ግድግዳ ግን አይለጠጥም፤ ከጎኑ አዲስ መሥራት ግድ ነው። ከ1907 እስከ 1914 በቦዩ ሁለት ጫፎች፣ በባልቲክ በኩል በሆልተናው፣ በኤልበ ወንዝ በኩል በብሩንስቡተል፣ 330 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ያላቸው ክፍሎች ተሠሩ፤ የወለሉ ስፋት 44፣ ጥልቀቱ 11 ሜትር ደረሰ። እነዚህ ክፍሎች እንደ ፓናማ ቦይ መርከብን ወደ ላይ አያነሱም። ሥራቸው የኤልበን ወንዝ ሙላትና ጉድለት፣ በባልቲክ በኩልም ነፋስ የሚገፋውን ውኃ ከቦዩ መከልከል ነው።

ማስፋፋቱ የተጠናቀቀው በሰኔ 1914፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ዛሬ ጭነት የያዙት ትልልቅ መርከቦች የሚያልፉት በእነዚያው ክፍሎች ነው። በብሩንስቡተል አሮጌዎቹን ለመጠገን ፋታ እንዲሰጥ የሚገነባው አምስተኛ ክፍልም ለመርከብ የሚተወው ቦታ ያው 330 በ45 ሜትር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ