የወባ ስሌትና የግቢያችን በርሜል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ወባ ባወጣችሁት ዘገባ የሒሳብ ሞዴሎችን «ግምት» ብላችሁ በአንድ ቃል ማለፋችሁ ስላላጠገበኝ ይህን እጽፋለሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ በሽታውን ለማስቆም የመጨረሻዋን ትንኝ መግደል እንደማያስፈልግና ቁጥራቸውን ከተወሰነ መጠን በታች ማውረድ እንደሚበቃ ያሳየው በቀመር ነበር። የወባ ተመራማሪው ጆርጅ ማክዶናልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከትንኞቹ ብዛት ይልቅ ዕድሜያቸው ወሳኝ መሆኑን አሰላ።

ነገሩ በእጅ ስልክ ካልኩሌተር ይታያል። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል 10 ቀን ይፈጅበታል እንበል፤ በየቀኑ ከ100 ትንኞች 90ው በሕይወት የሚያድሩ ከሆነ 10ኛውን ቀን አልፈው ተውሳኩን ለማስተላለፍ የሚደርሱት 35 ገደማ ሲሆኑ፣ 80ው ብቻ የሚያድሩ ከሆነ ግን ወደ 11 ይወርዳሉ። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት የትንኞችን ዕድሜ ስለሚያሳጥሩ ጉልበታቸው በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

እርግጥ ነው፣ ስሌት መነሻው ሲለወጥ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ዝርያ በከተማ፣ በሮቶና በበርሜል ውኃ ስለምትራባ፣ ወባን ከክረምት ዝናብ ጋር ብቻ ያያያዘ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት የተነሣውን ወረርሽኝ ሊተነብይ አይችልም ነበር። እኔም በግቢያችን ክዳኑ የጠፋ በርሜል ውስጥ በበጋ እጭ ሲርመሰመስ አይቻለሁ፤ የየትኛዋ ትንኝ እንደሆነ መለየት ግን ሙያዬ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ ትንበያውን ስትጠቅሱ፣ በየትኞቹ መነሻዎች ላይ እንደቆመ አብራችሁ እንድትገልጹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሒሳብ መምህር፣ ከድሬዳዋ