የሾተላይ መርፌ ምጥ ሳይመጣ ፍሪጅ ውስጥ ይገኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ እናቶች ጤና ብዙ ጊዜ ትጽፋላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም መፍሰስ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አምቡላንስ እጥረት የምታወጡትን እየተከታተልኩ አነባለሁ። አንድ ጉዳይ ግን ሁሌም ይዘለላል። ደማቸው ኔጌቲቭ የሆነ እናቶች ሊወስዱት የሚገባው መርፌ ነው። ሐኪሞች አንቲ-ዲ ይሉታል፤ ሰዉ የሾተላይ መርፌ ይለዋል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለክትትል የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የደም ዓይነታቸው የሚታወቀው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ይሄ ነገር የቱ ጋ እንደሚበላሽ በቅርብ አያለሁ።

ምርመራው ቀላል ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጠብታ ደም እናደርጋለን። አንዱ ላይ ሰማያዊውን ፈሳሽ፣ ሁለተኛው ላይ ቢጫውን፣ ሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን እንጨምራለን። በቀጭን እንጨት አማስለን ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ እናደርገዋለን። ሦስተኛው ጠብታ ከጓጎለ ሴትየዋ ፖዘቲቭ ናት። ሳይጓጉል እንዳለ ከቀረ ኔጌቲቭ ናት። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ከዚያ ካርዷ ላይ "ኦ ኔጌቲቭ" ወይም "ኤ ኔጌቲቭ" ብለን እንጽፋለን፤ አንዳንዶቻችን እንዳይዘለል ብለን በቀይ እስክሪብቶ እናከብበዋለን። የኛ ሥራ እዚህ ያበቃል። የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያ የተከበበ ጽሑፍ ካርዱ ላይ ወራት ይቀመጣል። ማንም ምንም ሳያደርግበት ምጥ ይመጣል።

አገራችን ውስጥ ደማቸው ኔጌቲቭ የሆኑ ሰዎች ከመቶ አስር አይሞሉም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጉዳዩም ትንሽ ይመስላል። ግን ብዙ ነፍሰ ጡር በሚስተናገድበት ጤና ጣቢያ ያለ አንድ ኔጌቲቭ እናት የሚያልፍ ሳምንት ብርቅ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እናት ኔጌቲቭ ሆና አባት ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ የአባቱን ደም ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ፣ በተለይ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ትንሽ የልጁ ደም ወደ እናቱ ይገባል። የእናቲቱ ሰውነት ይሄን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይወለዳል፤ መከላከያው የሚሠራው እሱ ከወጣ በኋላ ነውና። መከላከያው ግን አይጠፋም። ቀጣዩ ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ደሙን ያፈርስበታል። ልጁ ማህፀን ውስጥ ደሙ አልቆ፣ ሰውነቱ አብጦ ሊሞት ይችላል። በሕይወት ከተወለደም በሰዓታት ውስጥ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በጣም ከበዛ አንጎሉ ድረስ ይገባና መስማት ወይም በደንብ መንቀሳቀስ ሊያሳጣው ይችላል።

መርፌው ይሄን ሁሉ የሚያቆመው ሰውነቷ ከመንቃቱ በፊት ነው። ወደ እናቲቱ የገባውን የልጅ ደም ጠራርጎ ያስወግደዋል። መርፌውን ካልወሰዱት ኔጌቲቭ እናቶች መካከል፣ ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ በኋላ ከመቶ ወደ 16 የሚሆኑት መከላከያውን ይሠራሉ። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ቁጥሩ ወደ ሁለትና ከዚያ በታች ይወርዳል። እንደ አሜሪካና እንግሊዝ ባሉ አገሮች በ28ኛው ሳምንት፣ ማለትም ሰባት ወር አካባቢ፣ አንድ ተጨማሪ ይሰጣል፤ ያኔ ከመቶ አንድም አይሞላም። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። መርፌው ለገበያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

ድሮ ይሄ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ልጅ የሚበላው ሾተላይ የሚባል መንፈስ ነው ይባል ነበር። "ሾተላይ አለባት" የተባለች ሴት ክታብ ታስራለች፣ ጸበል ለጸበል ትዞራለች፣ በመጨረሻም ትፈታለች። ባልየው ሌላ አግብቶ ልጆቹ ሲያድጉለት ደግሞ ጥፋቱ የሷ መሆኑ የተረጋገጠ ይመስላል። የሞተ ሕጻን ሁሉ በዚህ ሞተ አልልም። ግን በየቤቱ ካለው ምትኩ፣ ካሣና ማስረሻ ውስጥ ስንቱ ከፊቱ የሞተ ወንድም ወይም እህት እንደነበረው እናውቃለን። ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም የማምን ሰው ነኝ። ጸበሉም ይጠመቁ፣ መርፌውም ይወጉ።

አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ከዓይኔ አትጠፋም። የመጀመሪያ ልጇ አድጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከሷ በኋላ የወለደቻቸውን ግን ቀብራለች፤ አንዱ ሞቶ ተወለደ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ በሦስተኛው ቀን አረፈ። አማቷ ስለ ሾተላይ ነግራታለች። ደሟን ስናየው ኤ ኔጌቲቭ ሆነ። ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ መከላከያው ደሟ ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የኩምብስ ምርመራዋ ፖዘቲቭ ሆኖ ተመለሰ። ሰውነቷ መከላከያውን ከሠራ ቆይቷል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ መጥታ "እህቴ፣ መርፌውን አሁን ብትወጉኝስ?" አለችኝ። አሁን አይሠራም። የሚሠራው ያቺን የመጀመሪያዋን ልጅ የወለደች ዕለት ነበር። ያን ቀን ማንም ደሟን አላየላትም። አሁን ያላት አማራጭ ሆስፒታል በቅርብ ክትትል ማድረግ ብቻ ነው።

ይህቺ ሴት የደም ዓይነቷን ሳታውቅ ወልዳለች። የኔ ደብዳቤ ግን በዋናነት ስለሚያውቁት ነው። ካርዳቸው ላይ ስለተጻፈላቸው።

የታናሽ ወንድሜን ቤት ልንገራችሁ። ሚስቱ ኦ ኔጌቲቭ ናት። ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ ይታወቃል። ዓርብ ማታ በሰላም ወለደች። መጀመሪያ የልጁ ደም መታየት አለበት፤ ልጁም ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌው አያስፈልግም። ሲወለድ ከእትብቱ ደም አልተወሰደም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተወሰደ፤ ከሰዓት በኋላ ፖዘቲቭ መሆኑ ተነገራቸው። ከዚያ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ለወንድሜ ተሰጠችው፤ "እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዛ" ተባለ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቀው ያየ ነው። አንዱ ፋርማሲ "ጨርሰናል"፣ ሌላው "ሰኞ ይገባል"፣ ሌላው "ስልክህን ተውልን" ይላል። እሑድ ግማሹ ዝግ ነው። በሰው በሰው ተጠይቆ እሑድ ማታ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ተገኘ። ዋጋው የደመወዙን ትልቅ ክፍል ወሰደ። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ መሞቅም መብረድም የለበትም። ወንድሜ ከጁስ ቤት በረዶ ለምኖ በፌስታል ይዞት መጣ። ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ እንዲጠቀልለው በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሰ። እህት የሌለው፣ ብር የሌለው፣ ከተማውን የማያውቅ አባት ግን ምን ያደርጋል? ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ አስልኮ፣ ሞቆ የመጣ ብልቃጥ ይዞ የሚመጣም አይቻለሁ። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማንም ሊነግረው አይችልም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገሬ። ይሄ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ደም መፍሰስ ድንገተኛ ነው፤ የትኛዋ እናት እንደሚደማት አስቀድሞ አይታወቅም። ኔጌቲቭ እናት ግን ከወራት በፊት ትታወቃለች። የላብራቶሪ መዝገባችን ላይ ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯና የደም ዓይነቷ አለ። የክትትል ካርዷ ላይ የመውለጃ ቀኗ አለ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በሚቀጥለው ወር ስንት መርፌ እንደሚያስፈልግ ይነግሯችኋል። ይሄን ለመቁጠር ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። እየቆጠረ የሚያዝ ሰው ግን አላየሁም።

ማስቀመጫውም አለ። ጤና ጣቢያዎች የሕጻናት ክትባት የሚያስቀምጡበት ፍሪጅ አላቸው። ክትባቱ የሚፈልገው ቅዝቃዜ መርፌው ከሚፈልገው ጋር አንድ ነው። አምስት ብልቃጥ የሚይዘው ቦታ የእጅ መዳፍ አያክልም። በመንግሥት ተቋም ክትትሉም ወሊዱም ለእናቶች ነጻ ነው፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መርፌው ብቻ ለምን በአባት ኪስና በአባት እግር ላይ ይጣላል?

ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ይባላል። እውነት ነው። በአብዛኛው የሚሠራው ከሰው ፕላዝማ፣ ማለትም ከደም ፈሳሽ ክፍል፣ ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን ለዚህ መርፌ የሚሆን ፕላዝማ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ለግሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በ88 ዓመቱ ነው ያረፈው። እንዲህ የተገኘ መድኃኒት ውድ ቢሆን አይገርምም። ግን ቢጫ ሆኖ የተወለደ ልጅ መብራት ውስጥ ሲከርም፣ ደሙ ሲቀየር፣ እናት ስትመላለስ የሚወጣውስ? እሱም ብር ነው። የሞተውን ልጅ ደግሞ በብር አንተምነውም።

ገጠሩ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ከመቶ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ክትትል አድርገዋል፤ በጤና ተቋም የወለዱት ግን 48ቱ ብቻ ናቸው። በመሀል ያሉት ሴቶች ክትትል ጀምረው፣ አንዳንዶቹም የደም ዓይነታቸው ካርድ ላይ ተጽፎ፣ ቤታቸው የወለዱ ናቸው። ለነሱ 72 ሰዓት ማለት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ደርሳ ወደ ጤና ጣቢያ ካልላከቻቸው የማይገኝ ጊዜ ነው።

ሌላው የተረሳ ነገር ፅንስ የወረደባት ሴት ናት። ሦስት ወር አልፏት ፅንሱ ከወረደ፣ ሆዷን ከተመታች ወይም ከወደቀች፣ በእርግዝና መሀል ደም ካየች፣ የልጅ ደም ወደ ደሟ ሊገባ ይችላል። አልቅሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ስለ ደም ዓይነቷ የሚጠይቃት የለም። በሚቀጥለው እርግዝና "የመጀመሪያ ልጄ ነው" ትላለች። ሰውነቷ ግን ሁለተኛ ነው የሚያውቀው።

ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት የተሳሳቱ ነገሮችም ላንሳ። "ለመጀመሪያ ልጄ ወስጃለሁ፣ ይበቃኛል" የሚሉ አሉ፤ አይበቃም፣ በየእርግዝናው ይወሰዳል። "72 ሰዓት አልፏል፣ ተይው" የሚባሉም አሉ። ካለፈም እስከ አስር ቀን ድረስ ቢሰጥ ሊጠቅም ስለሚችል ዝም ብሎ መተው ልክ አይደለም። "ደማችን አይስማማም" ብለው ለመለያየት የሚያስቡ እጮኞችም ገጥመውኛል። ኧረ በፍጹም! ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም። መርፌው በሰዓቱ ከተገኘ የፈለጉትን ያህል ልጅ ይወልዳሉ። ባሎችም ደማችሁን ተመርመሩ፤ እናንተም ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ብዙ ጭንቀት ይቀራል።

ከዝግጅት ክፍሉ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚመለከታቸውን የጤናና የመድኃኒት አቅርቦት ኃላፊዎች ጠይቁልን። በዓመት ስንት የአንቲ-ዲ ብልቃጥ ወደ አገር ይገባል? ለየትኞቹ ተቋማት ይከፋፈላል? ጤና ጣቢያ ያለ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ወይም አዋላጅ ለሚቀጥለው ወር ሦስት ብልቃጥ ያስፈልገኛል ብሎ የሚያዝበት መንገድ አለ ወይ? መልሱን አትማችሁ ብናነበው ደስ ይለናል።

ካርዷ ላይ "ኔጌቲቭ" የተጻፈባት እናት ግን መልሱን አትጠብቅ። በሚቀጥለው ክትትሏ አዋላጇን እንዲህ ብላ ትጠይቅ፦ የኩምብስ ምርመራዬ ታይቷል? ስወልድ የልጄን ደም ከእትብቱ ወዲያው ትወስዱልኛላችሁ? መርፌው እናንተ ጋ አለ፣ ከሌለ ከየት ነው የማገኘው? ይሄን ስምንተኛው ወር ሳይገባ ትጠይቅ፤ ባሏም አብሯት ሄዶ ይስማ።

ከአክብሮት ጋር
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ